ከራሱ ጋር በቁራኛ የታሰረው ጫኔ

በድሮ ዘመን፣ ሰው ከባላጋራው ጋር በጋቢ ጫፍ እየታሰረ ዳኛ ፍለጋ በሚሄድበት ዘመን፣ ቁልቋል ሜዳ በሚባል አገር ጫኔ የሚባል ሰው ነበር። ጫኔ ጉልበተኛ ነበር፤ ጫኔ ብልጥ ነበር፤ ጫኔ ደግሞ ፈሪ ነበር። ጅብ አይፈራም። ጨለማ አይፈራም። አማቱን እንኳ አይፈራም። የሚፈራው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ጥፋቱ የኔ ነው» ማለትን ይፈራል።

ሳትስቁ ስሙኝ እንጂ። ከናንተም መሀል እንዲህ ያለ ፈሪ አይጠፋም፤ ስም አልጠራም።

ያ ጋቢ ለጋቢ መታሰር ቁራኛ ይባላል። ሁለት ሰው ሲጣላ የከሳሽና የተከሳሽ ጋቢ ጫፍና ጫፉ ይቋጠራል። አንዱ ሲሄድ ሌላው ይሄዳል። አንዱ ሲቀመጥ ሌላው ይቀመጣል። አንዱ ወደ ጓሮ ብቅ ሲል ደግሞ ሌላው ፊቱን አዙሮ ወፍ ይቆጥራል። በቁልቋል ሜዳ ሕግ፣ ዳኛ እስኪፈርድ ድረስ ከሳሽን የሚያበላው ተከሳሹ ነው። ቋጠሮውንም ከዳኛ በቀር ማንም አይፈታውም። በገዛ እጁ የፈታ ሰው በአደባባይ ቆሞ «እኔ ፈታሁት» ይላል፤ ዳኛው ሲመጣም ቅጣቱን ይቀበላል።

ጫኔ ይህን ሕግ ሲያይ ደስ አለው። «እኔ ካልመረጥኩ አልጠየቅም» አለ በልቡ። «ሰው ይምረጥልኝ። ከተሳካ እበላለሁ፤ ካልተሳካም እከስና እበላለሁ።» እናቱ ጫኔ ያለችው ጭነት ተሸካሚ ይሆናል ብላ ነበር፤ እሱ ግን ያገኘውን ሁሉ ሰው ላይ የሚጭን ሆኖ አረፈው።

መጀመሪያ ወደ ጎረቤቱ ወደ አያ ሙላቴ ሄደ። አያ ሙላቴ የተመሰገኑ ገበሬ ናቸው።

«አያ ሙላቴ፣ ማሳዬ ላይ ኑግ ልዝራ ወይስ ጤፍ?»

«እንደኔ እንደኔ ኑግ ይሻልሃል» አሉ አያ ሙላቴ፣ የዋህ ናቸውና።

ጫኔ ኑግ ዘራ። ኑጉ አበበ፣ አገሩ ቢጫ ሆነ፤ በአበባው ላይ በረዶ ወረደና አረገፈው። የአያ ሙላቴንም ኑግ እንዲሁ አረገፈው። ጫኔ ግን የጋቢውን ጫፍ ይዞ ከተፍ አለ።

«አንቱ ብለውኝ ነው» አለ።

«በረዶውን እኔ አዘነብኩት?»

«በረዶውን አይደለም፤ ኑጉን ነው።»

ታሰሩ። ጫኔ አምስት ቀን በአያ ሙላቴ ቤት ከማዕዱ ራስ እየተቀመጠ በላ፤ ወጡ ጨው አነሰው እያለ ጭምር። በአምስተኛው ቀን አያ ሙላቴ መሮአቸው፣ በአገሩ ዳኛ በጭቃ ሹሙ ፊት ጠቦት ሰጥተው ተፈቱ።

ቀጥሎ ወደ መሪጌታ ልሳነ ወርቅ ሄደ። መሪጌታ ጥምጥማቸው ከጭንቅላታቸው ሁለት እጅ ይበልጣል።

«መሪጌታ፣ በቅሎዬን ልሸጥ ገበያ ማክሰኞ ልሂድ ወይስ ሐሙስ?»

መሪጌታ መጽሐፋቸውን ገለጡ፤ እጃቸው ላይ በመጣው ገጽ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሐሙስ» አሉ።

ሐሙስ ጫኔ ወጣ። ሐሙስ በቅሎዋ ተንሸራተተች። ሐሙስ እግሯ ተሰበረ። ጫኔም «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» እያለ መጥቶ ጋቢውን ከመሪጌታ ጋቢ ጋር ቋጠረ። ሳምንቱን ሙሉ መሪጌታ ማኅሌት ሲገቡ ጫኔም ገባ። እሳቸው መቋሚያቸውን ይዘው ወደ ቀኝ ሲያዘነብሉ እሱም ወደ ቀኝ አዘነበለ፤ ወደ ግራ ሲሉ ወደ ግራ አለ። ምእመናኑ ጸሎቱን ትተው ሳቁ። መሪጌታ አፍረው፣ በጭቃ ሹሙ ፊት አንድ ማሰሮ ማር ሰጥተው ተፈቱ።

ሦስተኛዋ እማሆይ ወለተ ሩፋኤል ናቸው። ዘጠና ዓመታቸው ነው። ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው የጠዋት ፀሐይ ይሞቃሉ።

«እማሆይ» አለ ጫኔ፣ «ይህን ማር በላይኛው መንገድ ልውሰደው ወይስ በታችኛው? በላይኛው ካሉኝ ራስዎን ይነቅንቁልኝ።»

እማሆይ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጫኔ በላይኛው መንገድ ሄደ። ድንጋይ አደናቀፈው፣ ማሰሮው ተሰበረ፣ ማሩን አፈር ጠጣው። ጫኔም ተመልሶ የእማሆይን ነጠላ ጫፍ ያዘ።

አገሩ ተንጫጫ። «ኧረ እማሆይ ተኝተው ነው! እንቅልፍ ነው ያንገላጃቸው» አለ ሰው ሁሉ።

«ተኝተውም ቢሆን ነቅንቀዋል» አለ ጫኔ።

«ዘጠና ዓመት ጾሜ ጸልዬ» አሉ እማሆይ፣ «በእንቅልፌ ልከሰስ?» ታስረው መዋልን አልቻሉትም፤ ያለቻቸውን አንዲት ፍየል ሰጥተው ተገላገሉ።

በሚቀጥለው እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ የቁልቋል ሜዳ ሰው ጫኔን ትቶ ተሰበሰበ። ንግግር አላበዙም። «ዝም አይነቅዝም» አሉና ተማማሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለጫኔ አዎ የሚለው ጠፋ፤ አይ የሚለውም ጠፋ።

«ዝናብ ይመጣ ይሆን?» ሲል «እንጃ» ይሉታል። «ገበያው ዛሬ ነው ወይስ ነገ?» ሲል «እንጃ» ይሉታል። ፀሐይ አናት ላይ ቆማ «መሽቷል ወይስ አልመሸም?» ብሎ ቢሞክራቸው፣ ቀና ብለው ፀሐይዋን አይተው «እኛ ምን አውቀን» ይሉታል።

አሁን የቀረችው ሚስቱ አትጠገብ ናት። አትጠገብ ሥራ ወዳድ፣ ሳቅ ወዳድ፣ ባሏንም ወዳድ ሴት ነበረች። ጫኔ ሰው ሲያጣ ጭነቱን ሁሉ እሷ ላይ አራገፈው። ሽሮ ልብላ ወይስ ጎመን? ሽሮው ምላሱን ሲያቃጥለው «አንቺ ብለሽኝ ነው።» በቀኝ ጎኔ ልተኛ ወይስ በግራ? አንገቱን ሲይዘው «አንቺ ብለሽኝ ነው።» ላስነጥስ ወይስ ልተወው? እዚህ ላይ ምን እንዳለችው አልነግራችሁም፤ ልጆች አላችሁ።

ሐምሌ ተጋመሰ። ዝናቡ አማረ፣ መሬቱ ጠገበ፣ ሰው ሁሉ ጤፉን ዘራ። ጫኔ ዘሩን በቁና ይዞ ማሳው ዳር ቆሞ «አትጠገብ፣ ዛሬ ልዝራ ወይስ ነገ?» ይላል። ሰኞም ይላል። ማክሰኞም ይላል። አትጠገብ መልስ መስጠት ታክቷታል። ረቡዕ ዕለት ከቤት ወጥታ፣ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ፣ ፊት ለፊቱ ቆመች።

«ጫኔ፣ አንድ ጊዜ እንኳ እኔ ልጠይቅህ። አባቴ ቤት ልሂድ ወይስ እዚሁ ልቀመጥ?»

ጫኔ ደነገጠ። ዕድሜውን ሙሉ ጠያቂ እንጂ ተጠያቂ ሆኖ አያውቅም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፤ መልሱን ያውቀዋል። አትጠገብን ይወዳታል፣ ያለሷ ቤቱ ቤት እንዳልሆነም ያውቃል። «ተቀመጪ» የምትለው ቃል ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር። ግን ተቀመጪ ብሏት ነገ ቢከፋትስ? «አንተ ብለኸኝ ነው» ብትለውስ?

«ቆይ፣ መጣሁ» ብሎ ሮጠ።

አያ ሙላቴ ዘንድ ደረሰ። «አያ ሙላቴ፣ ሚስቴን ሂጂ ልበላት ወይስ ተቀመጪ?» አያ ሙላቴ በሬዎቻቸውን እያዩ «እንጃ» አሉ። መሪጌታ ዘንድ ሮጠ። መሪጌታ ሲያዩት መጽሐፋቸውን ዘግተው ተቀመጡበት። እማሆይ ዘንድ ሮጠ። እማሆይ ከሩቅ አውቀውታል፤ ራሳቸው እንዳይነቀነቅ በሁለት እጃቸው ጥርቅም አድርገው ያዙት።

ጫኔ እያለከለከ ተመለሰ። አትጠገብ እዚያው እንደቆመች ናት። ዓይኗን ማየት አልቻለም።

«እንዳልሽው» አላት።

አትጠገብ ትንሽ ጠበቀች። ሌላ ቃል አልመጣም። ገብታ ነጠላዋን ደረበች፣ ወጣች፣ በአባቷ አገር መንገድ ሄደች። ጫኔ እስክትርቅ ድረስ አያት።

ሲመሽ ምድጃው አልነደደም። ያኔ ጫኔ ማዘኑን ትቶ ተናደደ፤ ከማዘን መናደድ ይቀላልና። በማግስቱ ጭቃ ሹሙን ሳይቀር የቁልቋል ሜዳን ሰው በሙሉ ከሰሰ። ጭቃ ሹሙ ተከሳሽ ሆነው እንዴት ይዳኙ? የመንገድ ዳኛ መፈለግ ግድ ሆነ። እንደ ጥንቱ ልማድ መንገድ ዳር ወጥተው፣ መጀመሪያ ያለፈውን ሰው ዳኛ ሊያደርጉ ከአንድ ሾላ ዛፍ ሥር ጠበቁ።

መጀመሪያ ያለፉት አንድ ሽማግሌ ሸማኔ ናቸው። የዝናብ ገሳ ለብሰው፣ የሸመኗቸውን ጋቢዎች ተሸክመው፣ ወንዙ ሳይሞላ ሊሻገሩ ይጣደፋሉ።

«ሸማኔ ሊዳኘን?» ብሎ አንዱ አጉረመረመ።

«ሕጉ ያለፈ ይዳኝ ነው የሚለው» አሉ ጭቃ ሹሙ። «ጋቢህንስ ማን ሠራልህና?»

ሽማግሌው ሸክማቸውን አውርደው ተቀመጡ። ጫኔ ጋቢውን ወደ ኋላ ወርወር አድርጎ፣ ጣቱን ቀስሮ ሙግቱን ጀመረ።

«በላ ልበልሃ!
የነገሩኝ ሲጥለኝ፣ ነጋሪው ይጠየቅ፤
ያልነገሩኝ ሲጎዳኝ፣ ዝም ያለው ይጠየቅ፤
እኔማ ምን አጠፋሁ፣ ዘወትር ስጠይቅ?»

ሕዝቡ ሳይወድ በግድ ጭንቅላቱን ነቀነቀ፤ ግጥሙ ግጥም ነውና። ሸማኔው ግን አልነቀነቁም። የእማሆይን ታሪክ ሳይሰሙ አልቀሩም።

«ሦስት ነገር ልጠይቅህ» አሉ። «ሚስትህ ልሂድ ወይስ ልቀመጥ ብላ የጠየቀችው ማንን ነው?»

«እኔን።»

«ማን መለሰላት?»

«እኔ።»

«እንዳልሽው በላት ብሎ የመከረህስ ማን ነው?»

ጫኔ አያ ሙላቴን አየ። መሪጌታን አየ። እማሆይን አየ። ሾላውን ሳይቀር ቀና ብሎ አየው።

«ማንም» አለ በቀጭን ድምፅ።

«እንግዲያው ተከሳሹ ተገኝቷል» አሉ ሸማኔው። «ስማ ጫኔ። ምክር እንደ ጠበል ጠዲቅ ነው። ጎረቤት ይጠራሃል፤ ብትፈልግ ትሄዳለህ፣ ባትፈልግ ትቀራለህ፤ የሚጎርሰው ግን የገዛ እጅህ ነው። ደግሞም መምከር የፈለገ ይመክራል፤ ዝም ማለት የፈለገ ዝም ይላል። አፋቸው የነሱ ነው። በሉ፣ ከሳሽና ተከሳሽ ይታሰሩ።»

«ከማን ጋር ልታሰር?» አለ ጫኔ።

ሸማኔው ተነሥተው የጫኔን ጋቢ ግራና ቀኝ ጫፍ ያዙ። ሁለቱን እጆቹን ጋቢው ውስጥ ከተው ደረቱ ላይ ድርብ አድርገው ቋጠሩት። የሸማኔ ቋጠሮ ታውቃላችሁ አይደል?

«በንጉሥ አምላክ» አሉ። «ጫኔ ከሳሽ ከጫኔ ተከሳሽ እንዳይለይ። ተከሳሽ ከሳሽን ያብላው፣ ያጠጣው። ወንዙ ሲጎድል እመለስና እፈታችኋለሁ።»

«መቼ ነው የሚጎድለው?»

«ወንዙን ጠይቀው» አሉና ሸክማቸውን አንሥተው ሄዱ።

ሕዝቡ ሳቀ፤ ቁልቋል ሜዳ እንደዚያን ቀን ስቆ አያውቅም። ጫኔም ቀን ይወጣልኛል ብሎ ቤቱ ገብቶ ተቀመጠ። ከሳሽ ራበውና ተከሳሽ እስኪያቀርብለት ጠበቀ። ተከሳሽም ራበውና ከሳሽ እስኪምረው ጠበቀ። ማዕዱን የሚያቀርብ ጠፋ።

በመጀመሪያው ሳምንት፣ ከጋቢው ሥር በወጡት ጣቶቹ ብቻ ቆሎ ቆላ። ቆሎው አረረ። «ማነው ያሳረረው?» ብሎ ዞር አለ። ከምሰሶው በቀር ቤት ውስጥ ማንም አልነበረም።

በሁለተኛው ሳምንት ጣራው ማፍሰስ ጀመረ። «ልውጣና ላልብሰው ወይስ ይቅር?» ብሎ ጠየቀ። ከሳሽ ዝም አለ። ተከሳሽ ዝም አለ። ዝናቡ መልሱን አናቱ ላይ ነገረው።

በሦስተኛው ሳምንት ከራሱ ጋር ተጣላ። «አንተ ነህ እንዳልሽው ያልካት» አለ ከሳሹ። «ምን ላድርግ፣ ፈርቼ ነው» አለ ተከሳሹ። ይህን ሲል ጫኔ እንባው መጣ። እንባውን እንዳይጠርግ እጁ ታስሯል። አትጠገብ ናፍቃው ነበር፤ ሳቋ ናፍቆት ነበር፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ እዚያ ቆማ የጠበቀችው ነገር ትዝ ይለው ነበር። አንዲት ቃል ነበር የጠበቀችው።

ነሐሴ ሊያልቅ ሆነ። ጫኔ ማሳው ዳር ወጣ። ለጤፍ አልፏል፤ ለሽምብራ ግን መሬቱ ገና እርጥብ ነው። ዛሬ ካልተዘራ ከርሞ ቤቱ ባዶ ነው። በሬ ለመጥመድም፣ ዘር ለመበተንም ክንድ ያስፈልጋል። ክንዱ ቋጠሮ ሥር ነው። ወንዙን አዳመጠ፤ ወንዙ ዳር እስከ ዳር ሞልቶ ይጮሃል።

አያ ሙላቴ በአጠገቡ ያርማሉ። ጫኔ በልማዱ አፉን ከፈተ። አያ ሙላቴም በልማዳቸው «እንጃ» ለማለት ተዘጋጁ። ጫኔ አፉን መልሶ ዘጋው።

በጥርሱ ጀመረው፣ በጣቱ ጨረሰው። የሸማኔው ቋጠሮ አስቸገረ፤ ፀሐይ ከኮረብታ እስከ አናት እስክትወጣ ድረስ ታገለው። ጋቢው ሲላቀቅ ጫኔ ድንጋይ ላይ ቆመና ጮኸ።

«እኔ ፈታሁት!»

ያርሙ የነበሩ ሁሉ ቀና አሉ። ከዚያ አፍ ሳይጠየቅ የወጣች «እኔ» ሰምተው አያውቁም። መሪጌታ ከደጀ ሰላሙ ብቅ ብለው አማተቡ።

ጫኔ በሬዎቹን ጠመደ። አረሰ። ሽምብራ ዘራ። ሲጨርስ እግሩን ታጥቦ አማቱ አገር ወረደ፤ ብቻውን።

አማቱ አያ ተገኝ ደጃፉ ላይ ተቀብለው አሻግረው ተመለከቱ። ሚስት ስታኮርፍ ባል ሽማግሌ ይልካል እንጂ ራሱ ዘው አይልም።

«ሽማግሌዎቹ የታሉ?» አሉት።

«ሽማግሌ ብልክ፣ ነገሩ ሲበላሽ ሽማግሌዎቹን እከሳለሁ» አለ ጫኔ። «ራሴን አውቀዋለሁ። ስለዚህ ብቻዬን መጣሁ።»

አያ ተገኝ ሳቃቸውን በሳል አስመስለው ሸፈኑ። አትጠገብ ከውስጥ ሰምታ ወጣች።

«ማን ላከህ?» አለችው።

«እኔ።»

«ምን ልትል መጣህ?»

«ያን ቀን መልሱን አውቀው ነበር። ተቀመጪ ልልሽ ፈልጌ ነበር፤ ፈራሁና እንዳልሽው አልኩ። ተመለሺልኝ። ይህን በል ያለኝ ሰው የለም። ተመልሰሽ ቢከፋሽም እኔ እጠየቃለሁ።»

አትጠገብ ራሷን ነቀነቀች፤ ተኝታ አልነበረም።

«እሱን ተወው» አለችው። «የገዛ ራስህን ሸክም ገና ትናንት አንሥተህ፣ የኔን ደርበህ አትችልም። ብመጣ የምጠየቀው እኔ ነኝ፤ ብቀርም የምጠየቀው እኔ ነኝ። አስቤበት አደርጋለሁ። አሁን ግባና ብላ፤ ከስተሃል።»

ጫኔ በላ፣ አመሰገነ፣ ብቻውን ተመለሰ። በመንገዱ ላይ የሚከሰው ሰው አልፈለገም። ልቡ ከብዶት ነበር፤ ከነክብደቱ ይዞት ገባ።

መስከረም ጠባ፣ ወንዙ ጎደለ፣ ሸማኔው መጡ። ጋቢው ተፈትቶ አዩ።

«ማን ፈታው?»

«እኔ።»

«ቅጣትህ ሦስት ቀን ለሽመና ክር ማዳወር ነው» አሉ። ጫኔ ሦስት ቀን አዳወረ። ክሩን እያወሳሰበ ስለነበር ቅጣቱ ለሸማኔውም ሆነባቸው፤ ፈራጁ ራሳቸው ናቸውና እሳቸውም ማንንም አልከሰሱም።

ታኅሣሥ ደረሰ። ሽምብራው እኩሌታውን ትል በላው። አያ ሙላቴ በአጥራቸው በኩል ተንጠራርተው ጫኔ ማንን እንደሚከስ ጠበቁ። ጫኔ ግን ትሉን እያራገፈ «ጥቅጥቅ አድርጌ የዘራሁት እኔ ነኝ» አለና የተረፈውን እሸት ጠብሶ በላ። እኩሌታ ሽምብራም ሽምብራ ነው።

እየበላ ሳለ አትጠገብ በመንገዱ መጣች። ያመጣት ሽማግሌ የለም፤ የሸኛት አባት የለም። መንደሩ ሁሉ ሥራውን ፈትቶ አጥር ላይ ወጣ። እማሆይ እንኳ ነቅተዋል።

«አትጠገብ፣ ማን ተመለሺ አለሽ?» ብለው መንደርተኞቹ ጠየቋት።

አትጠገብ ቆም አለችና ወደ እግሯ አየች። «ይህ እግር የማን ይመስላችኋል?» አለቻቸው። ገብታም ከባሏ አጠገብ ተቀምጣ እሸቱን ትፈለፍል ጀመር።

ቁም ነገሩን ከፈለጋችሁ እነሆ። ሰው የወደደውን ይምረጥ፤ የመረጠውን ግን ጎረቤት ላይ አይጫን። ምክር የሰው ነው፤ እግር የራስ ነው።

እኔም ያለኝን ተናግሬ ጨረስኩ። ተረቱ ከጣማችሁ ዳቦ ቁረሱልኝ። ካልጣማችሁ ግን ጋቢዬን እንዳትነኩት፤ በሩ ክፍት ነበር፣ የተቀመጣችሁት እናንተ ናችሁ።